ዕጣና ሕግ፦ የመጫወቻ ጡብ ሕንፃዎችን በኮምፒዩተር ስለ መሥራትና በሥዕል ስለ ማሳየት

መግቢያ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍን ለወጣቱ ትውልድ ማዳረስ በኢትዮጵያ የትምህርት ሥራ ውስጥ ከፍ ያለ ትኩረት ከተሰጣቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ለዚሁ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተማሪ የፕሮግራም ትእዛዞችን በቃሉ ስለ ያዘ ብቻ ትምህርቱን ተረድቷል ለማለት አይቻልም። ዋናው ቁም ነገር አንድን ሥራ በሕግ ከፋፍሎ መግለጽ፣ ሕጉ የሚያስከትለውን ውጤት አስቀድሞ መገመት፣ የተገኘውንም ውጤት መርምሮ ሕጉን ማረም ነው።

ለዚህ ዓላማ ከሚያገለግሉ ልምምዶች አንዱ የመጫወቻ ጡቦችን በዕጣ እያነባበረ ሕንፃ የሚሠራ፣ የሠራውንም በሥዕል የሚያሳይ አጭር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ልምምዱ ላይ ላዩን ሲታይ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን የአቆጣጠር ስሌት፣ የዕድል ትምህርትና ጂኦሜትሪ በአንድነት ተገናኝተው ይገኙበታል።

ከዚህ በታች የልምምዱ አሠራር ከመሠረቱ ይብራራል። ምሳሌውም የተወሰደው ከድሬዳዋ ከተማ፣ ደቻቱ ከሚባለው ወንዝ ነው። ድሬዳዋ በዚህ ወንዝ ግራና ቀኝ የተሠራች ከተማ በመሆኗ፣ የት መሥራት እንደሚገባና እንደማይገባ የሚደነግግ ሕግ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለተማሪው በግልጽ ታሳያለች። ከምሳሌው ሊወጣ የሚገባው ዋና ትምህርት በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ በዕጣ የሚሠራ ነገር ሁሉ በሕግ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ዕጣው ለሚያመጣው ውጤትም ተጠያቂው ዕጣው ሳይሆን ሕጉን ያወጣው ሰው ነው።

ጡቡና ልኩ

በሕፃናት ዘንድ የታወቀው ባለ ጉጥ የፕላስቲክ ጡብ የዴንማርክ አገር ሥራ ነው። ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የተባለ አናጢ እ.ኤ.አ. በ1932 ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የእንጨት መጫወቻዎችን መሥራት ጀመረ፤ ድርጅቱም ኋላ ሌጎ ተብሎ ተሰየመ። ጡቡ ዛሬ የሚታወቅበትን ቅርጽ ይዞ፣ ማለትም ከላይ ክብ ጉጦች፣ ከውስጥ ደግሞ የታችኛውን ጡብ ጉጦች አጥብቀው የሚይዙ ቱቦዎች ኖረውት፣ የፈጠራ መብት ማመልከቻ የቀረበለት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ነው።

የዚህ ጡብ ትልቁ ጥቅም ልኩ የማይለዋወጥ መሆኑ ነው። ከአንዱ ጉጥ መካከል እስከ ጎረቤቱ ጉጥ መካከል 8 ሚሊሜትር ሲሆን የጡቡ ቁመት 9.6 ሚሊሜትር ነው። በዚህም መሠረት የጉጥ ርቀትና የጡብ ቁመት የ5 ለ6 ዝምድና አላቸው። ልኩ ይህን ያህል የተወሰነ ስለሆነ የማንኛውም ጡብ ቦታ በሦስት ሙሉ ቁጥሮች ሊገለጽ ይችላል፤ እነርሱም ዓምድ፣ ረድፍና ደርብ ናቸው። ለኮምፒዩተር ከቁጥር የተለየ ነገር ስለማይገባው፣ በሙሉ ቁጥር የሚገለጽ ዕቃ ለፕሮግራም ጀማሪ እጅግ የተመቸ ነው።

ይህንኑ በመገንዘብ ጄምስ ጄሲማን የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤልድሮው የተሰኘውን የጡብ ሕንፃ መግለጫ ሥርዓት አዘጋጀ። በዚህ ሥርዓት የጉጥ ርቀት 20፣ የጡብ ቁመት 24 ተብሎ ይቆጠራል፤ ዝምድናው ያው 5 ለ6 ነው። እያንዳንዱ ጡብ በአንድ መስመር ይጻፋል። በመስመሩም ውስጥ የቀለሙ ቁጥር፣ ቦታውን የሚያሳዩ 3 ቁጥሮች፣ ወዴት እንደ ዞረ የሚያሳዩ 9 ቁጥሮችና የጡቡ ዓይነት መለያ ይገኛሉ። ለምሳሌ ያህል በስፋት 2፣ በርዝመት 4 ጉጥ ያለው የተለመደው ጡብ መለያው 3001 ነው። እንግዲህ ለኮምፒዩተር አንድ ሕንፃ ማለት የመስመሮች ዝርዝር ማለት ነው። ሕንፃ የሚሠራ ፕሮግራምም ሥራው ይህን ዝርዝር መጻፍ ብቻ ነው።

ስንት ዓይነት ሕንፃ ይቻላል?

ፕሮግራሙ በዕጣ መሥራት የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ለመረዳት የሕንፃዎቹን ብዛት መገመት ያሻል። ሁለት ባለ 2 በ4 ጡቦች አንዱ በሌላው ላይ በስንት መንገድ ሊገጠሙ ይችላሉ? የታችኛው ጡብ ሳይነቃነቅ ይቀመጥ። የላይኛው በዚያው አቅጣጫ ከተጋደመ በርዝመት 7፣ በስፋት 3 ቦታዎች አሉት፤ ይህም 7 ጊዜ 3፣ 21 ይሆናል። ተሻግሮ ከተጋደመ በሁለቱም በኩል 5 ቦታዎች ስላሉት 5 ጊዜ 5፣ 25 ይሆናል። በድምሩ 46 ነው። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል ጠረጴዛው ግማሽ ዙር ቢዞር አንዱ ሌላውን ሆኖ የሚታይ አለ። ሲዞሩ ራሳቸውን የሚመስሉት 2 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 44 ጥንድ ጥንድ እየሆኑ 22 ይሆናሉ። ስለዚህ የተለያዩት አገጣጠሞች 24 ናቸው።

ስድስት ጡቦች አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረደሩ ባለ ስድስት ደርብ ግንብ ቢሠራባቸው፣ በተመሳሳይ ስሌት 46 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 205,962,976 ይገኛል፤ የግማሽ ዙሩ ድግግሞሽ ሲወጣለት 102,981,504 የተለያዩ ግንቦች ይሆናሉ። ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ሲያሳትመው የነበረው 102,981,500 የሚለው ቁጥር ይኸው ነው፤ መጨረሻው ላይ ተጠጋግቷል። ይሁንና ይህ ቁጥር የሚያካትተው ግንቦችን ብቻ ነው። ሁለት ጡቦች ጎን ለጎን በአንድ ደርብ ላይ ሊቀመጡ ስለሚችሉ፣ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ሶረን አይለርስ ከባልደረባው ጋር በኮምፒዩተር ባደረገው ቆጠራ የስድስት ጡቦች አገጣጠም በጠቅላላው 915,103,765 መሆኑ ታውቋል።

አንድ ሰው እያንዳንዱን አገጣጠም በአንድ ሰከንድ ውስጥ አይቶ ቢያልፍ፣ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ሥራውን ለመጨረስ 29 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ይህም ለስድስት ጡቦች ብቻ ነው። ሁሉን አይቶ መጨረስ በማይቻልበት ጊዜ የሚቀረው መንገድ ጥቂቱን በዕጣ አውጥቶ መመልከት ነው።

ዕጣን በስሌት ስለ ማውጣት

ሰዎች ዕጣ ሲጥሉ ቁራጭ ወረቀት ጠቅልለው በባርኔጣ ውስጥ ያዘበራርቃሉ። ፕሮግራም ግን በተለመደው አሠራሩ የሚያዘበራርቀው ነገር የለውም፤ ዕጣ የሚመስሉ ቁጥሮችን በስሌት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዴሪክ ሄንሪ ሌመር ያቀረበው ዘዴ ከሁሉ ቀላሉ ነው፦ በእጅ ያለውን ቁጥር በአንድ የተወሰነ ቁጥር ማባዛት፣ ለሌላ የተወሰነ ቁጥር ማካፈልና የሚተርፈውን ቀሪ እንደ አዲስ ዕጣ መውሰድ። ኋላ ከማባዛቱ ቀጥሎ አንድ ቁጥር መደመርም ተለምዷል።

ለክፍል ምሳሌ የሚከተለው ሕግ ይበቃል፦ ቁጥሩ በ5 ይባዛ፤ 3 ይደመርበት፤ ለ16 ይካፈልና ቀሪው ይያዝ። መነሻው 1 ቢሆን፣ 1 ጊዜ 5 ሲደመር 3፣ 8 ይሆናል። 8 ጊዜ 5 ሲደመር 3፣ 43 ሲሆን ለ16 ተካፍሎ 11 ይተርፋል። በዚህ ዓይነት ሲቀጥል የሚገኘው ተራ 1፣ 8፣ 11፣ 10፣ 5፣ 12፣ 15፣ 14፣ 9፣ 0፣ 3፣ 2፣ 13፣ 4፣ 7፣ 6 ነው፤ ከዚያም ወደ 1 ይመለሳል። ከ0 እስከ 15 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ወጥተዋል፤ ነገር ግን በተራቸው አልወጡም።

የመነሻው ቁጥር «ዘር» ይባላል። ያው ዘር ምንጊዜም ያንኑ ተራ ያበቅላል። ይህ ለመምህሩ ትልቅ ጥቅም አለው። ተማሪው ሕንፃው የተሠራበትን ዘር ከተናገረ መምህሩ ያንኑ ሕንፃ እንደገና አውጥቶ ሥራውን ሊያርም ይችላል። በባርኔጣ የሚጣል ዕጣ ይህን አይፈቅድም።

ዘዴው ግን ጉድለትም አለው። ከላይ የተጻፈው ተራ ልብ ተብሎ ሲታይ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር እየተፈራረቁ የሚመጡበት ነው። አንድ ተማሪ «ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ቀይ፣ ሙሉ ከሆነ ነጭ ጡብ» ብሎ ቢያዝ፣ ጡቦቹ ያለ ማቋረጥ ቀይ ነጭ፣ ቀይ ነጭ እያሉ ይወጣሉ፤ ዕጣነቱም ይቀራል። ስሕተቱ በትልልቅ ተቋሞችም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተሮች ላይ በሰፊው የሠራው ራንዱ የተባለው ዘዴ፣ ቁጥሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው የቦታ መለኪያ ሲደረጉ ነጥቦቹ ሁሉ በ15 ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ብቻ እንደሚያርፉ ተደርሶበታል። የጡብ ቦታም የሚወሰነው በሦስት ቁጥሮች በመሆኑ እንዲህ ያለው ጉድለት ለዚህ ሥራ በቀጥታ የሚነካ ነው። በኋላ የተለመዱት ዘዴዎች የሚሠሩት እጅግ በትልልቅ ቁጥሮች ነው። ለምሳሌ በአንደኛው ዘዴ ማባዣው 16,807፣ ማካፈያው 2,147,483,647 ነው።

ጡብን በሕግ ስለ መጣል

ምሳሌው እንዲቀል መደቡ ከጎን የሚታይ አንድ መስመር ይሁን፤ ከ0 እስከ 15 የሚቆጠሩ 16 ዓምዶችም ይኑሩት። እያንዳንዱ ጡብ 4 ዓምዶችን ይሸፍናል። የሥራው ሕጎች የሚከተሉት ናቸው፦

1ኛ/ የዕጣው ቁጥር የጡቡ የግራ ጫፍ የሚያርፍበትን ዓምድ ይወስናል።
2ኛ/ ቁጥሩ 13፣ 14 ወይም 15 ከሆነ ጡቡ ከመደቡ ስለሚወጣ ዕጣው ይሰረዛል።
3ኛ/ ጡቡ ከላይ ወደ ታች ወርዶ ከአራቱ ዓምዶች ከፍ ባለው ላይ ያርፋል፤ ደርቡም በዚያ ካለው ከፍተኛ ደርብ በአንድ ይበልጣል።
4ኛ/ 16ቱ ዕጣዎች ወጥተው ሲያልቁ ሥራው ያበቃል።

ፕሮግራሙ ሊያስታውስ የሚገባው የ16ቱን ዓምዶች ከፍታ ብቻ ነው። በዘር 1 ሲሠራ የመጀመሪያው ጡብ ከዓምድ 1 እስከ 4፣ ሁለተኛው ከ8 እስከ 11 መሬት ላይ ያርፋሉ። ሦስተኛው በ11 ሲወርድ የሁለተኛውን ጫፍ ስለሚያገኝ 2ኛ ደርብ ላይ ይቀመጣል። ሌሎቹም በዚሁ ዓይነት ይከተላሉ። የተሰረዙት ሦስት ዕጣዎች ሲወጡ የሚቀሩት 13 ጡቦች የሚይዙት ደርብ በተራ ሲጻፍ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 2፣ 4፣ 5፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7 ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ዘጠነኛው ጡብ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። በዓምድ 3 ወርዶ በ3ኛ ደርብ ላይ ሲያርፍ፣ በግራ ጫፉ የግራውን ክምር፣ በቀኝ በኩሉ ደግሞ የቀኙን ክምር ይነካል። እስከዚያ ድረስ ተለያይተው የነበሩት ሁለት ክምሮች በእርሱ ተገናኙ፤ ድልድይ ሆነ ማለት ነው። ድልድይ እንዲሠራ የሚያዝ ሕግ ግን አልተጻፈም። ከቀላል ሕጎችና ከዕጣ ያልታሰበ ነገር ሊወጣ እንደሚችል ተማሪው በዚህ ይረዳል።

ሥዕል ስለ ማውጣት

የቁጥር ዝርዝር ለዓይን ምንም አይገልጽም፤ ስለዚህ ወደ ሥዕል መለወጥ ያስፈልጋል። ከላይ የተሰጠው ምሳሌ ከጎን የሚታይ በመሆኑ በሒሳብ ደብተር ካሬዎች ላይ በቀጥታ ሊሣል ይችላል። ሕንፃው ስፋትም ሲኖረው ግን ሦስቱን መለኪያዎች በሁለት መለኪያ ወረቀት ላይ ማሳረፍ የግድ ይሆናል።

ለዚህ የሚሆን ቀላል ቀመር አለ። ከዓምዱ ቁጥር የረድፉ ቁጥር ተቀንሶ በ2 ሲባዛ ነጥቡ ወደ ቀኝ የሚሄድበት ልክ ይገኛል። ዓምዱና ረድፉ ተደምረው የደርቡ ሦስት እጥፍ ሲቀነስ ደግሞ ወደ ታች የሚወርድበት ልክ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ደርብ 3 የሚቀነሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ አቅጣጫ ሲታይ የ5 ለ6ቱን የጡብ ዝምድና በጣም የሚቀርበው ሙሉ ቁጥር 3 ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ጡብ የትኛውን ይሸፍናል የሚለው ነው። ጡቦቹ በጉጥ ልክ ተከፋፍለው፣ ከኋላ ያለው አስቀድሞ፣ ከፊት ያለው በኋላ፣ የታችኛው ከላይኛው በፊት ከተሣለ፣ ኋላ የሚሣለው የቀደመውን እየሸፈነ ሥዕሉ በትክክል ይወጣል። ይህ ሠዓሊ የሚከተለው ሥርዓት ነው። ለብርሃኑም ሦስት ዓይነት ቀለም ይበቃል፤ የላይኛው ገጽ ደማቅ፣ አንዱ ጎን መካከለኛ፣ ሌላው ጎን ጨለማ ይሆናል። በሒሳብ አነጋገር የአንድ ገጽ ድምቀት ገጹ ከብርሃኑ አቅጣጫ ጋር በሚሠራው ማእዘን ይወሰናል፤ ብርሃን ቀጥ ብሎ የመታው ይደምቃል፣ አግድሞ ያለፈው ይደበዝዛል።

ጥላንና ነጸብራቅን ጭምር ማሳየት ሲፈለግ ከተመልካቹ ዓይን ተነሥቶ በእያንዳንዱ የሥዕል ነጥብ በኩል የሚያልፈውን ጨረር መከተል ያስፈልጋል። ጨረሩ ጡብ ሲነካ፣ ከዚያ ቦታ ወደ ብርሃኑ ምንጭ ሌላ ጨረር ይላካል፤ መንገዱ ከተዘጋ ቦታው ጥላ ነው። ይህን ዘዴ ነጸብራቅንና ብርሃን አሳላፊ ዕቃን እንዲጨምር አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳወቀው ተርነር ዊትድ ነው።

ሥዕል ከማማሩ በላይ ስሕተትን የማጋለጥ ኃይል አለው። የቀይና የነጩ መፈራረቅ በቁጥር ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል፤ በሥዕል ግን ወዲያው ይታያል። በሌላ በኩል ሥዕል ያታልላልም። አንድ ያማረ ሥዕል ያየ ሰው ሕጉ ሁሉ ያማረ ሊመስለው ይችላል። የደቻቱ ምሳሌ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የደቻቱ ምሳሌ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ወደ ሥፍራው በደረሰ ጊዜ ነው። ከወንዙ በአንደኛው ወገን ያለው ከዚራ በባቡሩ ኩባንያ ፕላን የተቀየሰ ስለሆነ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ማእዘኖቻቸውም የተስተካከሉ ናቸው። በሌላው ወገን ያለው መጋላ ጠመዝማዛ መተላለፊያዎች ያሉት ሠፈር ነው። ከዚህ የተነሣ ከዚራ በሕግ፣ መጋላ በዕጣ የተሠራ የሚመስለው ተማሪ ይኖራል። ይህ ግን ስሕተት ነው። በመጋላ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ግድግዳ፣ የሰውን መተላለፊያና የፀሐዩን ጥላ አይቶ ሠርቷል። ሕጉ በወረቀት አልሰፈረም እንጂ ሕግ ነበረው።

ሁለቱን ሠፈሮች የሚለያቸው ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም ከብትም ይመላለስበታል። ዝናብ በደቡብ በኩል ባለው ደጋ ላይ ሲጥል ግን በከተማው ደመና ሳይታይ እንኳ ድንገት ሊሞላ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ሰዓት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩትንም ከቤታቸው አፈናቅሏል። ዝናቡ የሚጥልበት ሌሊት አስቀድሞ አይታወቅም፤ ውሃው የሚወርድበት መንገድ ግን የታወቀ ነው። የመጀመሪያው የዕጣ፣ ሁለተኛው የሕግ ጉዳይ ነው።

በጡቡ መደብ ላይ ዓምድ 6 እና ዓምድ 7 የወንዙ መውረጃ ይሁኑ። በዘር 1 የተሠራው ሕንፃ እንደገና ሲታይ መሬት ላይ ያረፉት ሁለት ጡቦች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከ1 እስከ 4 እና ከ8 እስከ 11 ያሉትን ዓምዶች ይሸፍናሉ። መውረጃው ነጻ ነው፤ ከበላዩም ድልድይ አለ። ይህን አንድ ሥዕል ብቻ የተመለከተ የፕላን ባለሙያ ሕጎቹ በቂ ናቸው ብሎ ሊፈርም ይችላል።

ዘሩ ከ1 ወደ 5 ሲለወጥ ግን የመጀመሪያው ጡብ ከዓምድ 5 እስከ 8፣ ማለትም በመውረጃው ላይ ያርፋል። 16ቱም ዘሮች ተራ በተራ ሲሞከሩ የሚገኘው ውጤት የሚከተለው ነው፦ በዘር 0፣ 1፣ 2፣ 8፣ 9፣ 12፣ 14 እና 15 መውረጃው ነጻ ይሆናል፤ በዘር 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 10፣ 11 እና 13 መሬት ላይ ያረፈ ጡብ ይይዘዋል። ስምንቱ ደኅና፣ ስምንቱ አደጋ ላይ ናቸው። በዘር 1 መውረጃው ነጻ የሆነው ሕጉ ጠብቆት ሳይሆን ዕጣው ስለ ማረው ነው።

መፍትሔው ሌላ ዘር መፈለግ ሳይሆን አንድ ሕግ መጨመር ነው፦

5ኛ/ መሬት ላይ የሚያርፍ ጡብ ዓምድ 6ን ወይም ዓምድ 7ን የሚሸፍን ከሆነ ዕጣው ይሰረዛል።

ከዚህ በኋላ መውረጃው በማንኛውም ዘር ነጻ እንደሚሆን ሙከራ ሳያስፈልግ ከሕጉ ባሕርይ ብቻ ይታወቃል። በሙከራ ደኅና ሆኖ መገኘትና በሕግ የተጠበቀ መሆን የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ተማሪው የሚገነዘበው እዚህ ላይ ነው።

ይህም ሆኖ አንድ ሕግ ሁሉን አያሟላም። በ5ኛው ሕግ መሠረት ዘር 5 እንደገና ሲሠራ የመጀመሪያው ዕጣ ተሰርዞ 12 ጡቦች ይቀመጣሉ፤ ከፍታውም 9 ደርብ ይደርሳል። ከ12ቱ ጡቦች አሥሩ የሚቆሙት ከዓምድ 0 እስከ 3 ባለው አንድ ጡብ ላይ ነው። የአሥሩ የክብደት መካከል ሲሰላ ከመደቡ ግራ ጫፍ 7.2 ዓምድ ርቆ ይገኛል፤ መሠረታቸው ግን ከ0 እስከ 4 ብቻ ነው። ጡቦቹን የሚያያይዛቸው የጉጦቹ ኃይል ብቻ ነው እንጂ በክብደቱ ቢሆን ክምሩ ወደ ወንዙ በተደፋ ነበር። በሥዕሉ ላይ ቆሞ የሚታየው ሥዕል ስለ ክብደት ስለማያውቅ ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱ ወገኖች ጨርሶ አልተገናኙም። መውረጃውን ነጻ ያደረገው ሕግ ድልድይ አልሰጠም፤ ድልድይም ሚዛንም የየራሳቸው ሕግ ይሻሉ።

ይህ ምሳሌ የጎርፍ ትንበያ አይደለም። የውሃ መጠን፣ የመሬት ተዳፋትና የዝናብ መዝገብ በውስጡ የሉም። ጥቅሙ ዕጣን ከሕግ ለይቶ የማየትን ልማድ ማስጨበጥ ነው።

በክፍል ውስጥ ስለ ማስተማር

ልምምዱን ለመጀመር ኮምፒዩተር የግድ አያስፈልግም። ሌጎ በሌለበት ትምህርት ቤት የክብሪት ሣጥን ወይም በአንድ ልክ የተሠራ የጭቃ ጡብ ያገለግላል። ባለ ካሬ ደብተር ደግሞ በየተማሪው እጅ አለ። መምህሩ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሊይዝ ይችላል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁለት ጡቦች የሚገጠሙባቸው 24 መንገዶች በእጅ ተሞክረው ይቆጠራሉ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ለ16 ተማሪዎች ወይም ቡድኖች ከ0 እስከ 15 ያሉት ዘሮች ለየአንዳንዳቸው ይታደላሉ፤ እያንዳንዱም የዕጣውን ተራ አስልቶ ሕንፃውን በደብተሩ ይሥላል። ሥዕሎቹ ግድግዳ ላይ በተራ ሲለጠፉ መውረጃው በስምንቱ ነጻ፣ በስምንቱ የተያዘ መሆኑን ክፍሉ ራሱ ያያል። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ የጎደለውን ሕግ በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ ይጠየቃሉ። መምህሩ 5ኛውን ሕግ አስቀድሞ እንዳይነግራቸው ያስፈልጋል፤ የትምህርቱ ፍሬ ሕጉን ማግኘታቸው ላይ ነው።

ኮምፒዩተር ባለበት ትምህርት ቤት ሥራው ወደ ፕሮግራም ይለወጣል። ፓይቶን በመሰለ ቋንቋ ሲጻፍ ፕሮግራሙ የሚይዘው ከ16 ከፍታዎች ዝርዝር፣ ከአንድ የማባዛትና የማካፈል መስመር፣ ከሁለት የመሰረዣ ሁኔታዎችና ከአንድ ዑደት የማይበልጥ ነው። በእጅ የተሠሩት 16 ሥዕሎች በዚህ ጊዜ ማመሳከሪያ ይሆናሉ። ፕሮግራሙ በዘር 1 የመጨረሻውን ጡብ በ7ኛ ደርብ ላይ ካላስቀመጠ ስሕተት አለበት ማለት ነው። ተማሪው ከዚያ በኋላ መደቡን ሊያሰፋ፣ ረድፍ ሊጨምርና የተሻለ የዕጣ ዘዴ ሊጠቀም ይችላል።

ማጠቃለያ

የጡብ ሕንፃን በዕጣ መሥራት በጥቂት ቁጥሮች ተጀምሮ ወደ ከባድ ጥያቄ የሚያደርስ ልምምድ ነው። ተማሪው መቁጠርን፣ ዕጣን በስሌት ማውጣትን፣ ቁጥርን ወደ ሥዕል መለወጥን ይማራል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ውጤት ደኅና ሆኖ ሲገኝ ደኅንነቱ ከሕጉ ነው ወይስ ከዕጣው ብሎ መጠየቅን ይለምዳል።

ይህ ጥያቄ የሚጠቅመው ለተማሪው ብቻ አይደለም። የትምህርት ቤት ሕንፃ የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጥ፣ የመንደር መንገድ የሚቀይስ ወይም የገበያ ሥፍራ የሚወስን የፕላን ሠራተኛ በየጊዜው ይገጥመዋል። ለብዙ ዓመታት ጎርፍ ያልደረሰበት የወንዝ ዳር፣ በዘር 1 እንደ ተሠራው ሕንፃ፣ ዕጣ የማረው ቦታ ሊሆን ይችላል። በወንዙ መውረጃ ላይ እንዳይሠራ የሚከለክለው ሕግ መጻፍ ያለበት መውረጃው ደረቅ አሸዋ ሆኖ በሚታይበት ጊዜ ነው።